የጥላሸቱ ምዕራፍ

ማርታ የደወለችልኝ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ኮምፒውተሮቹን ሳበራ ነው። «ሊዲዬ፣ አባቢ አረፈ» አለችኝና አለቀሰች። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ለቅሶዋን ሰማሁ። ማርታ የጋሽ ሬናቶ አንድያ ልጅ ናት። ትንሽ ሲወጣላት ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ልደታ ማርያም ነው። የሕይወት ታሪኩን አንቺ ነሽ የምትጽፊልን። ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?» አለች።

እሺ አልኳት። እንዲህ ባለ ሰዓት እንቢ አይባልም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ተናደድኩ። በሞተ ሰው መናደድ ነውር ነው የሚሉኝ ይኖራሉ፤ ይበሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገርኳቸውም ነበር፤ ሞተው እንኳ ሥራ ሰጡኝ። ሥራው ደግሞ ሕይወታቸውን መጻፍ ነው። ሕይወታቸውንማ አንዴ ራሳቸው በመጽሐፍ ጽፈው አሳትመውታል። ችግሩ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የእኔም ሕይወት አለበት፤ በእሳቸው ስም።

ጋሽ ሬናቶ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ጥግ ተደርድረው ከነበሩት የቆርቆሮ ክፍሎች ሦስተኛዋ የእሳቸው ነበረች። ውርስ የተከለከለ፣ ባሏ ጥሏት የጠፋ፣ ከሥራ የተባረረ፣ መጻፍ የማይችል ወይም ቢችልም ለዳኛ እንዴት እንደሚጻፍ ግራ የገባው ሁሉ እሳቸው ፊት ቁጭ ብሎ በደሉን ይናገራል። እሳቸው በጽሕፈት መኪና ይመቱታል። አባታቸው ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይገባ እዚሁ ቀርቶ ጋራዥ የከፈተ ጣልያናዊ መካኒክ ነው። እናታቸው አስካለ የምትባል የመንዝ ሴት ነበረች። ቁመታቸው ረጅም፣ አፍንጫቸው የአባታቸው፣ ራሳቸው ገና በጎልማሳነታቸው የተመለጠ፣ ከረባት ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ ሰው ነበሩ። ከረባቱን ጽሕፈት መኪናው እንዳይጎትትባቸው በልብስ መቆንጠጫ ሸሚዛቸው ላይ ያጣብቁታል። ባለጉዳይ ይሳቅ አይሳቅ ግድ አልነበራቸውም።

መጀመሪያ ያየኋቸው ሥራ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ታይፕ ተምሬ ጨርሻለሁ። እኔን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፀጉሬን ነው፤ የገለባ ቀለም አለው። ቀጥሎ ዓይኔን ያያል። ከዚያ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች፣ «አባትሽ ከየት ነው?» ጋሽ ሬናቶ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ጣቶቼን አዩና፣ «በደቂቃ ስንት ቃል ትመቺያለሽ?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴን ሳይጠይቀኝ ሌላ ነገር የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። እዚያው ወደድኳቸው። ሰው እንዲህ በቀላሉ ነው የሚሸነፈው።

ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ «እኛ ክልሶች» ብለው ሲያወሩ ሰማኋቸው። ክልስ የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው ከጀርባዬ ሲጣልብኝ ነው። እሳቸው ግን እንደ ሰፈር ስም ነበር የሚጠሩት። አንድ ባለጉዳይ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ጣልያን ነዎት?» ሲላቸው፣ «ግማሼ። አትስጋ፣ ማመልከቻህን የሚጽፈው ሌላኛው ግማሽ ነው» አሉት። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ታክሲ ስንጠብቅ ረዳቱ «ፈረንጅ! ዩ! ዩ!» እያለ ሲጮህባቸው፣ «አንተ ጀለስ፣ እኔ እዚህ ከተማ ስወለድ አባትህ አልተወለደም። በል ጠጋ በልና አስገባኝ» ይሉታል። ታክሲው በሙሉ ይስቃል። ብቻዬን ስሆን አንገቴን ደፍቼ የማልፈውን ነገር ከእሳቸው ጋር ስሆን እየሳቅሁ አልፈዋለሁ።

አንድ ደንብ ነበራቸው። ማመልከቻውን ከጨረሱ በኋላ ወረቀቱን ያወጡና ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው ለባለጉዳዩ ያነቡለታል። ማመልከቻ «እኔ አመልካች» እያለ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጋሽ ሬናቶ ዛሬ ባሏ የደበደባት ሴት፣ ነገ ቤቱን የተቀማ ሽማግሌ ይሆናሉ። ድምፃቸው ይለወጣል፤ አንዳንዴ የእውነት እንባ ይተናነቃቸዋል። አንብበው ሲያበቁ፣ «ቃልዎ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለጉዳዩ «ቃሌ ነው» ካላለ የሚፈርምበትን ብዕር አይሰጡትም። አንዲት ሴትዮ አንድ ቀን፣ «እኔስ እንዲህ አላልኩም ነበር፤ ግን ያምራል፣ ይሁን» አለቻቸው። ወረቀቱን ቀደው ሌላ ወረቀት አስገቡ። «እኔ የማሳምር አይደለሁም። ያልሽውን ንገሪኝና ያልሽውን ልጻፍ» አሏት። ይህን በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ።

መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ የሄድኩ ቀንም አብረውኝ ነበሩ። ሥራቸውን ዘግተው ነው የመጡት። ፎርሙ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር አለ። ጸሐፊው ስሜን አየና፣ «ወልዴ አባትሽ ነው?» አለኝ።

«አያቴ ነው። የእናቴ አባት።»

«ወላጅ አባትሽስ?»

«ቡልጋሪያዊ ነው። ማሽን ሊተክል መጥቶ ሄደ።»

«ታዲያ ብሔር ምን ብዬ ልጻፍ? ቡልጋሪያ ልበል?» ሰልፉ ሳቀ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ፤ ስቀላ ደግሞ ከማንም በላይ ያስታውቅብኛል። ጋሽ ሬናቶ ከኋላዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ወንድሜ፣ አባቷ እዚህ አገር የሉም። እናቷ ግን አለች፣ እዚሁ ጀርባ ነው ቤቷ። ያለውን ጻፍ።»

«በአባት ነው አሠራሩ።»

«አሠራሩ የተጻፈበትን አምጣና እኔ ላንብብልህ» አሉት። ሰውየው ትንሽ አጉረመረመና የእናቴን ጻፈ። ወጥተን ስንሄድ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ያሳደገችሽ እናትሽ ናት። እሷን ማንም እንዳይዘልብሽ» አሉኝ። ቃል በቃል ነው የማስታውሰው። ባላስታውሰው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

በስድስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው ነገሩን የነገርኳቸው። ፍርድ ቤት ለእረፍት ተዘግቷል፤ ባለጉዳይ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ተጠጋግተን ነበር የምናወራው። ምን እንዳነሣሣኝ አላውቅም። ብቻ ስለ እናቴ ጀመርኩ።

እናቴ ቦሌ በኩል የውጭ አገር ባለሙያዎች የሚያርፉበት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። አባቴን ያወቀችው እዚያ ነው። አምስት ዓመቴ ላይ ሥራዋን በድንገት ተወችና ይዛኝ ልደታ አክስቴ ቤት ገባች፤ የሰው ልብስ እያጠበች መኖር ጀመረች። ትምህርት ቤት ከገባሁበት ቀን አንሥቶ ጠዋት ጠዋት ከላምባ ምድጃው ጥላሸት ትፍቅና በቫዝሊን ለውሳ ፀጉሬን ትቀባኛለች። ከሥሩ ጀምራ፣ ቅንድቤ ሳይቀር። ለምን ስላት፣ «ዝም በይ፣ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል» ነበር መልሷ። ዝናብ ሲይዘኝ ጥቁሩ ባንገቴ ወርዶ ኮሌታዬን ያበላሸዋል። አንድ የሰኔ ቀን ሰልፍ ላይ እንዲሁ ሲወርድብኝ ልጆቹ፣ «ፈረንጇ ለቀቀች! ፈረንጇ ለቀቀች!» እያሉ ዙሪያዬን ዘለሉ። መምህሯ እንኳ ሳቋን መያዝ አቃታት። ይህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆየ። ሦስተኛ ክፍል ስገባ አንድ ጠዋት ሳትቀባኝ ሸኘችኝ፤ ከዚያ በኋላም አላነሣችውም።

«እናቴ በእኔ ታፍር ነበር» አልኳቸው። ይህን እስከዚያ ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጋሽ ሬናቶ መቆንጠጫቸውን ከከረባታቸው ላይ አውጥተው በጣታቸው ከፈት ዘጋ ያደርጉታል። «የእኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው» አሉ በኋላ። አባታቸው እሳቸውን እንደ ልጅ፣ እናታቸውን አስካለን እንደ ቤት ሠራተኛ ነበር የያዘው። እሷ የምትተኛው ማዕድ ቤት ነው። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው፣ የጣልያን ልጆች፣ ቤት መጡ። ሬናቶ «አስካለ፣ ውሃ አምጪ» ብለው ጠሯት። አንዱ ልጅ ማን እንደሆነች ጠየቀ። «ሠራተኛችን ናት» አሉ። በጣልያንኛ ነው ያሉት፤ ግን ያን ያህል ዓመት እዚያ ቤት የኖረች ሴት ይህ አይጠፋትም። በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ውሃውን አስቀምጣ ወጣች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ «ልጄ» ብላ ጠርታቸው አታውቅም።

«እኔም እማዬ ብያት አላውቅም» አሉኝ። «አንድ ቀን እንኳ፣ ሊዲያ። የክት ልብሷን ለብሳ ክርስትና ያስነሣችኝ እዚች ልደታ ማርያም ነው፤ አባቴን ደብቃ። እዚህ ሰፈር የምኖረው ለዚያ ነው። ሌላ የማደርግላት ነገር የለኝም።»

ሁለታችንም አለቀስን። አባት ኖሮኝ አያውቅም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አለኝ ብዬ አመንኩ።

የቆርቆሮ ክፍሎቹ ሲነሡ እኔ ከፍርድ ቤቱ ማዶ አንድ ፎቅ ሥር ሱቅ ተከራየሁና ኮምፒውተር አስገባሁ። የጋሽ ሬናቶን ጠረጴዛም መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩላቸው። እዚያ ተቀምጠው ነው መጽሐፋቸውን የጀመሩት። ሰባ አምስት ዓመታቸው አልፎ ነበር። በእጃቸው ይጽፋሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ጋራዡን፣ የአባታቸውን ሞት፣ የደርግን ዘመን፣ ጣልያኑም ሐበሻውም «የእነዚያ ነህ» ያሏቸውን ጊዜ ሁሉ ተየብኩ። ጥሩ መጽሐፍ ነበር። አሥራ ሁለት ምዕራፍ ነው፤ ሁለተኛው ግን አልመጣልኝም። ስጠይቃቸው፣ «እሱ ገና ነው» ይሉኛል። በመጨረሻ፣ «አንቺን ላለማድከም ብዬ አብነት ሰፈር አንድ ሱቅ አስመታሁት» አሉኝ። ስለ አስካለ ጽፈው በእኔ ፊት አፍረው ነው ብዬ ገመትኩ። ደግ ሆኜ ዝም አልኩ። የመጽሐፉን ስም እዚህ አልጠራም፤ ሻጭ አይደለሁም።

ምረቃው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። ጋሽ ሬናቶ ለእኔ የደረሰኝን ቅጂ ፈርመው ሰጥተውኛል፣ «ለልጄ ለሊዲያ። ያላንቺ አይሆንም ነበር።» እውነታቸውን ነው። አንዱ ተናጋሪ ንግግሩን ሲያስረዝመው መጽሐፉን ጭኔ ላይ ከፈትኩና ሁለተኛውን ምዕራፍ ፈለግሁ።

«እናቴ አስካለ ጠዋት ጠዋት ከምድጃው ጥላሸት እየፋቀች ወርቃማ ፀጉሬን ትቀባኝ ነበር» ይላል።

ገጹን ገለበጥኩ። ዝናቡ አለ። ኮሌታው አለ። ሰልፉም አለ፤ ልጆቹ «ፈረንጁ ለቀቀ!» እያሉ ይዘላሉ። ከታች ደግሞ ብቻዋን በአንድ መስመር የኔዋ ቃል ተቀምጣለች፤ «እናቴ በእኔ ታፍር ነበር።» ውሃው ግን የለም። «ሠራተኛችን ናት» የለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈለግሁት፤ የለም። ያፈሩባት እሳቸው ነበሩ፤ በመጽሐፋቸው ግን አፋሪዋ አስካለ ሆነች። እኔንም ዘረፉኝ፣ እሷንም ሁለተኛ ካዷት። የጋሽ ሬናቶን የልጅነት ፎቶ አይቼዋለሁ፤ ፀጉራቸው ከሰል ነው። ራሳቸው ከተመለጠ ግን አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ማን ያረጋግጣል?

ይባስ ብሎ መድረኩ ላይ የተነበበው ያው ምዕራፍ ነው። አንድ የቴአትር ሰው በሚያምር ድምፅ አነበበው። ከኋላዬ ሴቶች ሲያለቅሱ እሰማለሁ። ጋሽ ሬናቶ ወለል ወለሉን ያያሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላዩም።

ሰኞ ጠዋት ገና ሳይቀመጡ፣ «ሁለተኛውን ምዕራፍ አነበብኩት» አልኳቸው። መቆንጠጫውን ከረባታቸው ላይ ሊያደርጉ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «አርባ ዓመት የሰው በደል እኔ እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሊዲያ። ያንቺን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ከውስጤ አልወጣልኝም። የራሴን ልጽፍ ስቀመጥ አስካለ ውሃውን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች፤ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ያንቺን ስጀምር ግን ሄደልኝ። በሦስት ቀን ጨረስኩት።»

«ለባለጉዳይ ሲጽፉ ከታች የሚፈርመው ባለጉዳዩ ነው» አልኳቸው። «ያውም አንብበውለት፣ ቃልዎ ነው ብለው ጠይቀው። እኔን መቼ ጠየቁኝ?» በዚያ ሁሉ ንዴት መካከል አንቱታውን አለመተዌ ራሴን ገርሞኛል።

ዝም ቢሉ ደግ ነበር። «ስምሽ እንዳይነሣ ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ላንቺው አስቤ ነው።»

ይህን ባይሉ ኖሮ ውሎ አድሮ እንታረቅ ነበር ይሆናል። ቢጠይቁኝ ደግሞ እሺ እላቸው ነበር፤ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጠረጴዛዎን ይውሰዱልኝ አልኳቸው። በማግስቱ ሁለት ሰው ይዘው መጡና ከመንገዱ ማዶ ወዳለ ሌላ ጽሕፈት ቤት አሻገሩት።

ወር ሳይሞላ ጋሽ ሬናቶ በሬዲዮ ቀረቡ። እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ለምሳ ቤት ስገባ ምስር እየለቀመች ሬዲዮ ትሰማለች፤ እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ድምፃቸውን ለየሁት። ጋዜጠኛዋ ስለ ልጅነታቸው ጠይቃቸው ስለ ጥላሸቱ ያወራሉ። መልካም አወራር ነው። በሬዲዮ ሲሰማ የእውነት የእሳቸው ይመስላል። እናቴ እጇ ምስሩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ተነሥታ ሬዲዮውን ዘጋችው።

«ለማን ነው የነገርሽው?»

«ለጋሽ ሬናቶ ብቻ።»

«ብቻ» አለች። «አፈረችብኝ ነው ያልሽው?»

«ታዲያ ለምን ነበር፣ እማዬ?»

ሰፌዱን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ያን ቀን ምሳ ለየብቻ በላን። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላው ሁሉ እናወራለን፤ ስለዚህ ግን አንድ ቃል የለም። እኔ በጋሽ ሬናቶ ተከዳሁ እላለሁ። እናቴ የከዳቻት ማን እንደሆነች ታውቃለች፤ ምሳ የምታቀርብላት ልጅዋ ናት። ይህን ለራሴ ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል።

ሁለቱን ዓመት ጋሽ ሬናቶ ጠዋት ጠዋት ከማዶ ኮፍያቸውን ያነሡልኛል፤ እኔ ስክሪኔን አያለሁ። ሲታመሙ ማርታ ደውላ፣ «ሊዲያ የት አለች ይላል» አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት። አልሄድኩም። ንጹሕ ነኝ ለማለት አይደለም ይህን የምጽፈው።

የሕይወት ታሪካቸውን በዚያው ቀን ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ ሆነ። ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለና ከአባታቸው መወለዳቸውን፣ ክርስትና ያስነሣቻቸው እናታቸው መሆኗን፣ ለባለጉዳይ አንብበው «ቃልዎ ነው?» ሳይሉ ብዕር ሰጥተው እንደማያውቁ ጻፍኩ። ስለ ውሃው አልጻፍኩም። ታሪኩ በእጄ ነበር፣ ግን በሬሳ ፊት የሚነበብ አይደለም። ስለ ጥላሸቱም አልጻፍኩም። ጠዋት ለማርታ ወስጄ ሰጠኋት። ዓይኗ አብጧል፤ እየተቀበለችኝ አነበበችው።

«የጥላሸቱ የት አለ?»

«አላስገባሁትም።»

«ሊዲዬ፣ ሰው አባቢን የሚያውቀው እኮ በሱ ነው!»

«እሱን እኔ አልጽፍም፣ ማርታ።»

«ለምን?» አለችኝ። ፊቷን አየሁት። አባቷ ያረፈው ትናንት ነው። ምን ልበላት? «ይረዝማል ብዬ ነው» አልኳት።

እናቴ ቀብር ካልሄድኩ አለች። ተይ ብላት፣ «ጎረቤት ሞቶ ቤቴ አልቀመጥም» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ዛፉ ሥር ጎን ለጎን ቆምን። አንድ ዘመዳቸው የኔን ወረቀት አነበበ። ሲጨርስ ማርታ መጽሐፉን ከፍታ አቀበለችው። ገጹን ከዚያ ርቀት ሳላየው አወቅሁት። «ሟች ራሳቸው ስለ እናታቸው ከጻፉት» አለና ጀመረ። ጥላሸቱን አነበበ። ቫዝሊኑን፣ ዝናቡን፣ ሰልፉን። ለቀስተኛው ፀጥ አለ። እናቴን ለማየት አልደፈርኩም፤ ትከሻዋ ትከሻዬን እንደነካ ነው። «እናቴ በእኔ ታፍር ነበር» ሲል አጠገባችን የነበረች ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ወደ እናቴ ዞር ብላ፣ «እንዲያው ምን ያለች እናት ናት? በገዛ ልጇ ማፈር!» አለቻት።

«አላፈረችም» አለች እናቴ።

ቀስ ብላ አይደለም ያለችው። ሰው ዞረ። አንባቢው ቀና ብሎ አየንና ንባቡን ቀጠለ። እናቴ ክንዴን ይዛ ከሰው መሐል አወጣችኝ።

በሩን ወጥተን ወደ ታክሲው ስንሄድ ደከማት። አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አባትሽ ሄደ ያልኩሽ እውነት ነው» አለች መንገዱን እያየች። «ግን አምስት ዓመትሽ ላይ ተመልሷል። አንቺን ሊወስድ ነው የተመለሰው፤ ወረቀቱን ሁሉ ጨርሶ። እዚያ ትማራለች፣ እዚያ ይሻላታል አለኝ። እኔንም እወስድሻለሁ አላለኝም። ይዤሽ ጠፋሁ።»

ወደ እሷ ዞርኩ።

«እሱና የላካቸው ሰዎች ፎቶሽን ይዘው በየትምህርት ቤቱ ይዞሩ ነበር። ቢጫ ፀጉር ያላት ልጅ አላችሁ ወይ እያሉ። ያንቺ ትምህርት ቤት ሁለቴ መጥተዋል። የአባቴን ስም አስጽፌልሻለሁ፣ ፀጉርሽን አጥቁሬዋለሁ፤ ከየት ያግኙሽ? ሦስተኛ ክፍል ስትገቢ ተስፋ ቆርጦ አገሩ መግባቱን አብራኝ ትሠራ የነበረችው ልጅ ነገረችኝ። ያኔ ተውኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ብትሄጂብኝስ?»

አርባ ዓመት ጥሎኝ የሄደ አባት ነበረኝ፤ ፈልጎኝ ነበር። አርባ ዓመት ያፈረችብኝ እናት ነበረችኝ፤ እሷም አላፈረችብኝም። ማንን ልውቀስ? ልቆጣት ፈለግሁ፣ ላቅፋት ፈለግሁ፤ ሁለቱንም አላደረግሁም። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሴቶቹ ለቅሶ ከፍ ብሎ ተሰማ። ለአንድ ሰው ካልነገርኩ ልፈነዳ ነው አልኩና ለማን እንደምነግር አሰብኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለውን ነገር የምነግረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውንም ያን ሰዓት አፈር እያለበሷቸው ነበር።